የጩኸቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከእፍረት የተነሣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር በምኖርበት የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን አንዲት ወረቀት ይዞ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞር ነበር። ወረቀቷ አጭር ደብዳቤ ናት። ገና በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ተወስዶ እስከ ዛሬ በአደባባይ ያልታየ ጌዱን ቾኪ ኒማ የተባለ የቲቤት ልጅ የት እንዳለ ይነገረን ስትል የቻይናን መንግሥት ትጠይቃለች። በክፍላችን ካለነው ስምንት ተማሪዎች አምስቱ ፈረሙ። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ «አንተስ?» አለኝ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እርሱም ሳቀና አለፈ።

ተረቱ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በዚያው ወር ወደ ቻይና ሄጄ ለመማር የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ አስገብቼ ስለ ነበር፣ ስሜ በእንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ እንዳይገኝ ፈራሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ራሴው ፈርቼ ራሴው ዝም አልኩ። ያንን ፍርሃት ደግሞ በአገር ፍቅር ልብስ ሸፍኜ አቀረብኩት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ አለመፈረሜ ሳይሆን ይህ ልብስ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ስለ ቲቤት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ከቲቤት ታሪክ ይልቅ ግን ያስገረመኝ፣ ቲቤትን በዓይናቸው ሳያዩ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለ ቲቤት ሲጮኹ የኖሩት ተራ ሰዎች ነገር ነው። አስተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች፣ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለሩቅ ሕዝብ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም ለማይመስለን ሕዝብ፣ ፍሬው ቶሎ በማይታይ ነገር መጮኽ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ እንዴት ያለ ጩኸት ነው የሚገባው?

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ቲቤት ከሂማላያ ተራሮች በስተሰሜን ያለ፣ በዓለም ላይ ካሉት አምባዎች ሁሉ ከፍ ያለ አገር ነው። ሕዝቡ የራሱ ቋንቋና ፊደል፣ የራሱም ገዳማት አሉት። በ1950 የቻይና ጦር የምሥራቁን ክፍል ቻምዶን ያዘ፤ በ1951 በቤይጂንግ አሥራ ሰባት አንቀጽ ያለው ስምምነት ተፈረመ። ቻይና ይህን በሰላም ነጻ ማውጣት ትለዋለች፤ የተሰደዱት ቲቤታውያን ግን በግዳጅ የተፈረመ ነው ይላሉ። ማርች 10 ቀን 1959፣ ማለት በእኛ መጋቢት 1 ቀን፣ ወጣቱ ዳላይ ላማ በቻይና ጦር ሰፈር ትርኢት እንዲያዩ መጠራታቸውን የሰማው የላሳ ከተማ ሕዝብ፣ ይወሰዱብናል ብሎ ሰግቶ ኖርቡሊንግካ የተባለውን የበጋ ቤተ መንግሥታቸውን ከበበ። ከሳምንት በኋላ ዳላይ ላማ በሌሊት ወጥተው ማርች 31 ቀን ሕንድ ገቡ። 80 ሺህ ያህል ሕዝብም ተከትሏቸው ተሰደደ። በላሳ የተነሣው ዓመፅ በጦር ኃይል ተደመሰሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በኖቬምበር 1950፣ የቲቤት መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቤት ብሎ ነበር። ጉዳዩ በጠቅላላው ጉባኤ እንዲታይ የጠየቀችው ኤል ሳልቫዶር የተባለች ትንሽ የመካከለኛው አሜሪካ አገር ናት። የእንግሊዝ መልእክተኛ የቲቤት ሕጋዊ አቋም ግልጽ አይደለም አሉ፤ ሕንድ ደግሞ ነገሩ በሰላም ያልቃል የሚል ተስፋ ሰጠች፤ ጉዳዩም ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተባለ። ይህን ሳነብ ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁን 1936፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ከመንግሥታት ማኅበር ፊት መቆማቸው ትዝ አለኝ። የሁለቱ አገሮች ታሪክ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። መንግሥታት «ይቆየን» ሲሉ የሚወርደውን ዝምታ ግን የእኛ አያቶች ቀምሰውታል።

በኋላ ጠቅላላው ጉባኤ በ1959፣ በ1961ና በ1965 ስለ ቲቤት ሦስት ውሳኔዎች አሳልፏል። በ1959ኙ 45 አገሮች ደገፉ፣ 9 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከ1965 ወዲህ ግን ጠቅላላው ጉባኤ ስለ ቲቤት ያሳለፈው ሌላ ውሳኔ የለም። መንግሥታት ሌላ ሥራ፣ ሌላ ንግድ ነበራቸው። ነገሩ በተራ ሰዎች እጅ የወደቀው እንዲህ ነው።

በ1959 ራሱ በለንደን የቲቤት ማኅበር ተቋቋመ። በ1994 በኒውዮርክ ቲቤታውያንና አሜሪካውያን ወጣቶች «ተማሪዎች ለነጻ ቲቤት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1996 በሳንፍራንሲስኮ ለሁለት ቀን በተደረገው የሙዚቃ በዓል ላይ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኘ። ይህ የመጨረሻው ብዙ የተወራለት ነው፤ እኔን ግን ብዙ አልማረከኝም። ለዘፈን የመጣ ሰው ዘፈኑ ሲያልቅ ይሄዳል። ከዚህ ይልቅ የማረከኝ የጀርመኖቹ ነገር ነው። ከ1996 ጀምሮ በዚያ አገር በየዓመቱ ማርች 10 ቀን በመቶ የሚቈጠሩ ማዘጋጃ ቤቶች የቲቤትን ሰንደቅ ዓላማ በደጃቸው ይሰቅላሉ። ይህ እንዲሆን አንድ የከተማው ነዋሪ ወደ ከንቲባው ሄዶ መለመን፣ ምክር ቤቱን ማስረዳት፣ በሚቀጥለውም ዓመት እንደገና መሄድ አለበት። አያስጨበጭብም፤ ጋዜጣ ላይም ብዙ አይወጣም። ግን በየዓመቱ ይደረጋል።

የደብዳቤ ዘመቻ የሚሉትም እንደዚሁ ነው። እኔ በመጀመሪያ የሕፃናት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሥራው ግን ወግ አለው። ደብዳቤው የእስረኛውን ሙሉ ስም፣ የተያዘበትን ቀን፣ የተፈረደበትን ዓመት ይይዛል፤ ለወህኒ ቤቱ አዛዥ ወይም ለሚኒስትሩ በአክብሮት ይጻፋል፤ ስድብ አይገባበትም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው እናንተ ዘንድ እንዳለ እናውቃለን።» አንድ ደብዳቤ ቢሆን ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ሺህ ሲሆን ግን አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ይቈጥረዋል፤ ለአለቃውም ይነግረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ንጋዋንግ ቾፌል የተባለውን ሰው ነገር ልንገራችሁ። በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ተሰዶ ሕንድ አገር ያደገ የሙዚቃ ሰው ነው። በአሜሪካ ቬርሞንት በሚገኝ ሚድልበሪ በተባለ ኮሌጅ ሙዚቃ ካጠና በኋላ፣ የአገሩ የጥንት ዜማ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ብሎ በ1995 ካሜራ ይዞ ቲቤት ገባ። እረኛው ሲያዜም፣ ገበሬው ሲያበራይ የሚለውን እየዞረ ቀረጸ። በዚያው ዓመት ተያዘ፤ በ1996 መጨረሻ በስለላ ተከስሶ 18 ዓመት ተፈረደበት። እናቱ ምንም የሌላቸው ስደተኛ ሴት ነበሩ። በሕንድ ዋና ከተማ በመንገድ ዳር የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ተቀመጡ። መንገደኛው ሁሉ ያያቸው ነበር። በቬርሞንትም የኮሌጁ ሰዎችና የከተማው ነዋሪዎች ለሁለቱ የምክር ቤት እንደራሴዎቻቸው እየጻፉ አላስቀምጥ አሏቸው፤ እንደራሴዎቹም ለቻይና ባለ ሥልጣኖች ደጋግመው አነሡት። በ2000 እናቲቱ ልጃቸውን በእስር ቤት እንዲያዩት ተፈቀደላቸው። በጃንዋሪ 2002 ከ18ቱ ዓመት ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ታስሮ በሕመም ምክንያት ተብሎ ተለቀቀ።

ይህን ታሪክ ብቻ ብነግራችሁ «እንግዲያውስ ሁላችን እንጩኽ» ብላችሁ ትነሡ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ እኔንም ብዙ ሌሊት ያስቸገረኝ የሚቀጥለው ነው።

በላሳ ድራፕቺ የሚባል ወህኒ ቤት አለ። በ1993 በዚያ የታሰሩ 14 መነኮሳይት በድብቅ የገባላቸውን የቴፕ መቅረጫ ይዘው መዝሙር ቀረጹ። ስለ አገራቸው፣ ስለ ዳላይ ላማ፣ ለቤተ ሰቦቻቸውም «አንሰበርም» የሚል መልእክት የያዘ ነበር። እያንዳንዷ ስሟን ተናገረች። ካሴቱ ከወህኒ ቤት ሾልኮ ወጥቶ ውጭ አገር ደረሰ፤ በዚያም ተባዝቶ ለብዙ ሰው ተሰማ። እኛ በየእሑዱ ስንዘምር ድምፃችን ጥሩ መውጣቱን ነው የምናስበው። እነዚህ ልጆች ግን ለዘመሩት መዝሙር ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ተጨመረባቸው። ከመካከላቸው ንጋዋንግ ሳንግድሮል የምትባለው በ1992 ስትታሰር የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለመዝሙሩ ስድስት ዓመት ተጨመረባት፤ በኋላም ሌላ ሌላ እየተጨመረ ጠቅላላው ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። በብዙ አገር ሰዎች ስሟን ይዘው ጻፉ፣ ተሰለፉ። በ2002 ተለቀቀች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለንደን ተቀምጦ ካሴቱን ያዳመጠው ሰው ምን ከፈለ? የካሴት ዋጋ። ለዚያው ካሴት እርሷ ስድስት ዓመት ከፈለች። ስለ ሩቅ ሰው መጮኽ ከባድ የሞራል ጥያቄ የሚያስነሣው እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። በአብዛኛው የምንከራከረው «ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» እያልን ነው። ከዚያ በፊት ግን «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሰልፈኛው ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። ስሙ የተጠራለት ሰው ግን ከዚያው ክፍል አይወጣም።

የታሺ ዋንግቹክ ነገር ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያከብደዋል። ይህ ሰው ዩሹ በምትባል ከተማ የሚኖር ነጋዴ ነበር። ነጻነት አልጠየቀም። የጠየቀው በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የቲቤት ቋንቋ በሚገባ እንዲሰጥ ነው፤ ይህም በቻይና ሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ነው ብሎ በሕግ ለመክሰስ በ2015 ቤይጂንግ ድረስ ሄደ። አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም ሠራለት። በ2016 መጀመሪያ ተያዘ፤ ፊልሙም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት፤ በ2018 አምስት ዓመት ተፈረደበት። በጃንዋሪ 2021 ጨርሶ ወጣ።

«እንግዲያው ባይቀርጹት ይሻለው ነበር» ይባል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። (ዝም ላለ ሰው እንዴት የሚመች ሐሳብ ነው!) ዳሩ ግን ሰውዬው ፊቱን ልሸፍን አላለም፤ ስሙ እንዲለወጥለትም አልጠየቀም። የሚመጣበትን እያወቀ በገዛ ፊቱና በገዛ ስሙ ተናገረ። ዋጋውን አስቦ የመረጠውን ሰው «ለአንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» ማለት ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ምርጫውን መናቅ ነው። መነኮሳይቱም እንዲሁ። ካሴቱን የላኩት እንዲሰማ ነው። የሰማው ሰው ለደኅንነታቸው ብሎ በሳጥን ቢቈልፈው ኖሮ ዓመቱ ይጨመርባቸው ነበር፤ መዝሙሩ ግን የትም ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ለሌላ ሕዝብ የሚጮኽ ሰው መልእክተኛ ነው እላለሁ። መልእክተኛ የተላከውን ያደርሳል። ያልተላከውን አይጨምርም፤ ፈርቶም አይቀንስም። ስሙን እንዳትናገር ያለህን ሰው ስም ለጋዜጣ መስጠት ኃጢአት ነው፤ ስሜን ጥራልኝ ያለህን ሰው ስም መዋጥም ኃጢአት ነው። ጌዱን ቾኪ ኒማ ግን ራሱ ምንም ሊልክ አልቻለም። ፓንቸን ላማ ማለት በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ ከዳላይ ላማ ቀጥሎ ያለ ታላቅ አባት ነው። ሕፃኑ ለዚህ ማዕረግ በሜይ 14 ቀን 1995 በዳላይ ላማ ተሰየመ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተወሰደ፤ የቻይና መንግሥትም ሌላ ልጅ ሰየመ። በ2020 የመንግሥቱ ቃል አቀባይ፣ ሰውዬው ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል፣ እንዲረብሹትም አይፈልግም ብለዋል። እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን ግን ከራሱ አፍ ሰምቶ የመሰከረ ገለልተኛ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ወጥቶ «ተዉኝ» ቢል ደብዳቤውን የሚጽፍ ሁሉ ብዕሩን ማስቀመጥ ያለበት ይመስለኛል። እስኪል ድረስ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው።

በመልእክተኛነት ላይ ሌላም ችግር አለ። ላኪዎቹ ራሳቸው የሚሉት አንድ አይደለም። ዳላይ ላማ በ1988 በስትራስቡርግ በግልጽ እንደተናገሩት ከቻይና ሳይለዩ ራስን በራስ ማስተዳደርን ነው የሚጠይቁት፤ መካከለኛው መንገድ ይሉታል። በ1970 የተመሠረተው የቲቤታውያን ወጣቶች ጉባኤ ግን ሙሉ ነጻነት ይላል። ታዲያ በበርሊን አደባባይ የቆመው ጀርመናዊ የማንን ቃል ይጩኽ? በእኔ አስተያየት የቤቱ ልጆች ሲከራከሩ እንግዳ አይፈርድም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበትን መያዝ ይበቃዋል። ያም ትንሽ አይደለም፤ የእስረኞቹ ስም፣ የሕፃኑ ነገር፣ የቋንቋውም ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጠበብት በፌብሩዋሪ 2023 እንደገለጹት፣ አንድ ሚሊዮን ያህል የቲቤት ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት በዋነኛነት በቻይንኛ እየተማሩ ከቤተ ሰባቸውና ከቋንቋቸው እየራቁ ነው። የቻይና መንግሥት ይህን አይቀበልም፤ ለተራራቁ መንደሮች ልጆች የተሠራ አገልግሎት ነው ይላል።

ደጋፊዎቹም ንጹሐን ናቸው እንዳትሉኝ። በማርች 2008 በላሳ ሁከት ተነሥቶ ሱቆች ሲቃጠሉ ምንም ያላደረጉ ቻይናውያንም ሞተዋል፤ ይህን ሳይናገሩ የሚያልፉ ደጋፊዎች ነበሩ። በኤፕሪል የኦሊምፒክ ችቦ በፓሪስ ሲያልፍ፣ ችቦውን የያዘችው በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ቻይናዊት ስፖርተኛ ነበረች። አንድ ሰልፈኛ ተንደርድሮ ከእጇ ሊነጥቃት ታገለ፤ እርሷም በደረቷ ሸፈነችው። ያ ፎቶግራፍ በቻይና ምድር ሁሉ ዞረ። ያ ሰው ለቲቤት የጮኸ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ምንም የረዳ አይመስለኝም፤ ለጊዜው ልቡ ያበጠውን ያህል ብቻ አተረፈ። በዚያው ወር ዱክ በተባለ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቲቤት ደጋፊዎችና የቻይና ተማሪዎች ተፋጠው ሳለ፣ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ቻይናዊት ተማሪ በመካከላቸው ቆማ ልታነጋግራቸው ሞከረች። ስሟና የወላጆቿ አድራሻ በገዛ አገሯ ሰዎች ተበተነ፤ ወላጆቿም ቤታቸውን ትተው ተሸሸጉ። በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ሁሉ ከባዱን ዋጋ የከፈለችው እርሷ ናት።

ታላቅ ወንድሜ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ከቻይናውያን ጋር ይሠራል። የእርሱ አለቃ የሆነው ቻይናዊ እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ሊደርስ አልቻለም። ወንድሜና ሠራተኞቹ ማታ ቡና አፍልተው አብረውት ተቀመጡ፤ ቋንቋ ባይግባቡም አስለቀሱት። ወንድሜ ይህን ጽሑፍ ሳነብለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እርሱ ቢሰማው ምን ይለው ይሆን?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት አንቀጽ ሰርዣለሁ። መንገድ መሥራታቸው እውነት ነው፤ በ2006 ላሳ የገባው ባቡርም እውነት ነው። ባቡሩን መካድ አያስፈልግም። ባቡሩ ግን ልጁ የት ነው የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

አሁን ወደ «ይጠቅማል ወይ» ልመለስ። በ1999 የዓለም ባንክ 58 ሺህ ያህል ገበሬዎችን ቲቤታውያንና ሞንጎሎች ወደሚኖሩበት ዱላን ወደተባለ አውራጃ ለማስፈር ለታሰበ ሥራ 40 ሚሊዮን ዶላር ሊያበድር ነበር። ደጋፊዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ የባንኩን ሕንፃ ግድግዳ ወጥተው ጨርቅ የዘረጉም ነበሩ፤ ለባንኩ የምርመራ ጓድም በሕግ መልክ አቤቱታ ቀረበ። መርማሪዎቹ ባንኩ የራሱን ደንብ እንዳልጠበቀ አገኙ። በጁላይ 2000 ቻይና የብድር ጥያቄዋን ሳበች። ደጋፊዎቹ ተቃቀፉ። ቻይና ግን በዚያው ቀን በራሴ ገንዘብ እሠራዋለሁ አለች። ይህ ድል ነው ወይስ ሽንፈት? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ድል ነው የምለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእንግሊዙም የጀርመኑም ግብር ከፋይ ገንዘቡ ለዚያ ሥራ እንዳይውል «አይሆንም» ለማለት በቅቷል። ከዚያ ያለፈውን እርሱም አይችለውም።

ተረቴን አልረሳሁትም፤ «የራሷ እያረረባት»። በአገራችን ባለፉት ዓመታት የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔም የቀበርኩት ዘመድ አለኝ። የራስን ቤት ሳያዩ የሩቁን ማልቀስ ግብዝነት ሊሆን እንደሚችል አልክድም። ሆኖም ሲልቪያ ፓንክረስትን አስቧት። ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሜይ 5 ቀን 1936፣ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ ማውጣት ጀመረች፤ ለ20 ዓመት አላቋረጠችም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥራ አጥ ሞልቶ ነበር፤ «የራሷ እያረረባት» ያላት እንግሊዛዊ አይጠፋም። ጋዜጣው ጣልያንን አላስወጣም። አባቶቻችን ግን ሰምተውታል፤ አስከሬኗም ዛሬ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እኔም ለአገሬ ቁስል አንድም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም ነበር። ለራሱ የሚሠራ ሰው ቢለኝ ይገባኛል፤ ለማንም ያልሠራሁት እኔ ስለው ግን ተረቱ ውሸት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ንባብ ልቤ ውስጥ የቀረው በቲቤት ምድር ያሉት ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ላካር ይባላል፤ ትርጉሙ ነጩ ረቡዕ ማለት ነው። ከ2008 ወዲህ የተስፋፋ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የቻለ ሰው የአገሩን ልብስ ይለብሳል፤ የአገሩን ምግብ ይበላል፤ ከልጆቹ ጋር ቻይንኛ ሳይቀላቅል በቲቤት ቋንቋ ብቻ ያወራል። ሰልፍ የለውም፤ መሪ የለውም፤ ለመክሰስም ያስቸግራል። በረቡዕ የምንጾም ሰዎች የዚህ ነገር ጣዕም ቶሎ ይገባናል ብዬ እገምታለሁ። አንድ ሕዝብ በሳምንት አንድ ቀን ራሱን ሆኖ መዋልን ትግል አድርጎታል። ከውጭ ያለው ደጋፊ ቢደክመው፣ ዘመኑ ቢያልፍበት፣ ሙዚቃው ቢያልቅ ይህ ይቀጥላል። ምናልባት የደጋፊው ሥራ ያን ረቡዕ ዓለም እንዳይረሳው ማድረግ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ከመግባቱ በፊት ያንን ጓደኛዬን ራሴ ሄጄ ፈለግሁት። የሕፃኑ የልደት ቀን ኤፕሪል 25 ስለሆነ ደብዳቤው በየዓመቱ ለዚያ ቀን እንዲደርስ ነው የሚላከው። ሕፃኑ አልኩ እንጂ ዛሬ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው። ጓደኛዬ አልሳቀብኝም። ማመልከቻዬንም አልደበቅሁትም፤ እንደገና እንዳስገባሁ ነገርኩት። «እንግዲያው አስብበት፣ ዋጋውን የምትከፍለው አንተ ነህ» አለኝ። ብዕር ስላልነበረው የእኔን አወጣሁ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ እጄ መንቀጥቀጡንም አልሸሽጋችሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆኖታል። ከደብዳቤውም ከማመልከቻውም መልስ አልመጣም።